ማሽን የሚጭነው ሊኑክስ፣ ሰው ብቻ የሚያውቀው ቁልፍ

በአንድ ቤት ውስጥ አራት ኮምፒዩተሮች አሉ እንበል። በእያንዳንዳቸው ላይ ሁለት ሊኑክስ ጎን ለጎን እንዲኖሩ ተፈልጓል፤ አንዱ ለትምህርትና ለሥራ፣ ሌላው ቢበላሽም ለማያስቆጭ ሙከራ። ይህ ማለት ስምንት ጊዜ መጫን፣ ስምንት ጊዜም ስለ ቋንቋ፣ ስለ ኪቦርድና ስለ ዲስክ አከፋፈል ያንኑ ጥያቄ መመለስ ነው። እንዲህ ያለውን አሰልቺ ድግግሞሽ ለራሱ ለኮምፒዩተሩ መተው ይቻላል። ዲስኩ እንዲመሰጠር ከተፈለገ ግን አንድ እንቆቅልሽ ይከተላል። የጥያቄዎቹ መልስ ሁሉ አስቀድሞ ይጻፍ ከተባለ፣ ለማንም መነገር የሌለበት የይለፍ ቃል የት ይጻፋል?

በቅድሚያ ባዶ ዲስክ ያለው ኮምፒዩተር ከኔትወርክ እንዴት እንደሚነሳ እንመልከት። ኢንቴል እ.ኤ.አ. በ1999 ባወጣው የፒ.ኤክስ.ኢ. ስሪት 2.1 ደንብ መሠረት፣ የኔትወርክ ካርዱ ሥርዓተ ክወና ሳያስፈልገው አድራሻ እንዲሰጠው በኔትወርኩ ላይ ይጣራል። ዲ.ኤች.ሲ.ፒ. የተባለው አገልግሎት አድራሻውን ይሰጠዋል፤ የሚነሳበትን ፋይል ስምና ፋይሉ ያለበትን ሰርቨርም ይነግረዋል። በቤት ውስጥ አድራሻ የማደሉን ሥራ አብዛኛውን ጊዜ ራውተሩ ስለያዘው፣ ሁለተኛ አዳይ ማቆም ግጭት ያስከትላል። ዲ.ኤን.ኤስ.ማስክ የተባለው ነጻ ፕሮግራም ለዚህ መላ አለው፤ አድራሻ ማደሉን ለራውተሩ ትቶ የማስነሻውን መረጃ ብቻ ያክላል። አንድ አሮጌ ኮምፒዩተር ለዚህ ሰርቨርነት ይበቃል።

ፋይሉን የሚያጓጉዘው ቲ.ኤፍ.ቲ.ፒ. የተባለ እጅግ ቀላል ደንብ ነው። በመሠረታዊ አሠራሩ መረጃውን በ512 ባይት ቁራጭ ይልካል፤ አንዱ መድረሱ ሳይረጋገጥም ቀጣዩን አይልክም። 60 ሜጋባይት የሆነ ፋይል ከ117,000 በላይ ቁራጮች ይወጡታል። የአንዱ ቁራጭ ምልልስ 1 ሚሊሴኮንድ ቢፈጅ ጠቅላላው ሁለት ደቂቃ ገደማ ይሆናል። የቁራጩ ተራ ቁጥር የሚጻፈው በ16 ቢት በመሆኑ ደግሞ፣ ቁራጩን የሚያሳድግ ማሻሻያ ከሌለ ወይም ቁጥሩ እንደገና ከዜሮ እንዲጀምር ካልተፈቀደ፣ ፋይሉ ወደ 32 ሜጋባይት ሲደርስ ነገሩ ይቆማል። ስለሆነም በቲ.ኤፍ.ቲ.ፒ. ትንሿን ማስነሻ ብቻ አምጥቶ የቀረውን በኤች.ቲ.ቲ.ፒ. መሳብ ይመረጣል። የፕሮግራም ጥቅሎችንም ሰርቨሩ አንድ ጊዜ አውርዶ ቢያስቀምጥ፣ ኢንተርኔት ዘገምተኛ በሆነበት እንደ እኛ ባለ አገር ከሁሉ የሚበልጠው ጥቅም ይኸው ነው።

ከተነሳ በኋላ የመጫኛው ፕሮግራም የመልስ ፋይሉን ያነባል። ዴቢያን ፕሪሲድ፣ ሬድ ሃት ደግሞ ኪክስታርት የሚሉት ይህንኑ ነው። አደጋው እዚህ ላይ ይጀምራል፤ «ዲስኩን ሙሉ በሙሉ አጥፍተህ ጫን» የሚል መልስ የተጻፈለት ፕሮግራም የማንንም ዲስክ ያጠፋል። የእህት ወይም የወንድም ኮምፒዩተር በአጋጣሚ ከኔትወርክ ቢነሳ የዓመታት ሥራ በደቂቃዎች ውስጥ ሊጠፋ ይችላል። በመሆኑም ሰርቨሩ መጫኛውን የሚሰጠው በስም ዝርዝር መሆን አለበት፤ 48 ቢት የሆነው የኔትወርክ ካርድ መለያ ቁጥሩ በዝርዝሩ ውስጥ የሌለ ሁሉ ወደ ራሱ ዲስክ ይመለስ። ተጭኖ ያበቃውም ከዝርዝሩ ይውጣ፤ አለዚያ በተነሳ ቁጥር ራሱን እንደገና ይጭናል።

ወደ እንቆቅልሹ እንመለስ። የመግቢያ የይለፍ ቃል ብቻውን ዲስክን አይጠብቅም፤ ሌባ ዲስኩን ነቅሎ በሌላ ኮምፒዩተር ላይ ቢሰካው ሁሉንም ያነባል። በሊኑክስ የተለመደው የዲስክ ምስጠራ ሥርዓት ለክስ ይባላል። ብዙዎች የይለፍ ቃላቸው ራሱ መረጃውን የሚመሰጥር ይመስላቸዋል፤ ነገሩ ግን ሌላ ነው። መረጃውን የሚመሰጥረው በመጫኛው ጊዜ በዘፈቀደ የሚፈጠር ዋና ቁልፍ ሲሆን፣ የይለፍ ቃሉ የሚያገለግለው ይህን ዋና ቁልፍ የያዘውን ሳጥን ለመክፈት ነው። በመጀመሪያው የለክስ ስሪት 8፣ በሁለተኛው እስከ 32 የሚደርሱ ሳጥኖች በዲስኩ ራስጌ ላይ ይቀመጣሉ።

መፍትሔው ከዚህ ይገኛል። በመልስ ፋይሉ ላይ ጊዜያዊ የይለፍ ቃል ይጻፋል፤ ባለቤቱ ኮምፒዩተሩ መጀመሪያ በተነሳበት ሰዓት፣ አንድም የግል ፋይል ሳይገባ፣ የራሱን ቃል ጨምሮ ጊዜያዊውን ይሰርዛል። የተለወጠው ሳጥኑ ብቻ ስለሆነ ሥራው በሴኮንዶች ያልቃል። አንድ የተዘጋጀ ዲስክ እየገለበጡ ማባዛት ፈጣን ቢመስልም የማይመከረውም ስለዚህ ነው፤ ዋናው ቁልፍ አብሮ ይገለበጣልና አራቱም ኮምፒዩተሮች በአንድ ቁልፍ ይኖራሉ፣ የይለፍ ቃሉን መቀየርም ይህን አያስተካክልም። ጥብቅ ጥንቃቄ የሚሻ ሰው አንድ እርምጃ ይቀረዋል። በኤስ.ኤስ.ዲ. ላይ የተሰረዘ ሳጥን በተደበቀ የማስታወሻ ክፍል ሊተርፍ ስለሚችል፣ ዋናውን ቁልፍ ራሱን ለውጦ ዲስኩን እንደገና ማስመስጠር ይሻላል። በሴኮንድ 100 ሜጋባይት በሚጓዝ ሥራ 500 ጊጋባይት ለመጨረስ 5,000 ሴኮንድ፣ ማለትም ወደ አንድ ሰዓት ከ23 ደቂቃ ይፈጃል።

የይለፍ ቃሉን በአማርኛ ፊደል ማድረግ ያምራል፤ አይሠራም እንጂ። ዲስኩ ሳይከፈት የአማርኛ መጻፊያው ፕሮግራም ገና አልተነሳም። እንዲሁም የሙከራው ሊኑክስ የሥራውን ዲስክ መክፈት ባይችልም፣ ሳይመሰጠር የሚቀረውን የማስነሻ ክፍል መነካካት ይችላል፤ ሁለቱን መለያየት ፍጹም አጥር ነው ማለት አይቻልም።

ሁለተኛው ሊኑክስ ሲጫን የመጀመሪያው ራስጌ በስህተት ቢደመሰስ፣ ትክክለኛውን ቃል የሚያውቀው ባለቤትም መረጃውን አያገኘውም። ስለዚህ የራስጌው ቅጂ በሌላ ቦታ ይቀመጣል። ቅደም ተከተሉ ግን አይዛባ፤ ቃሉ ከመቀየሩ በፊት የተወሰደ ቅጂ ሁልጊዜም በጊዜያዊው ቃል ይከፈታል። መጀመሪያ ቃሉ ይቀየራል፣ ቀጥሎ ራስጌው ይገለበጣል፣ ሁለተኛው መጫን የሚጀመረው ከዚያ በኋላ ነው።