ቀለበት የሆነች ፀሐይና የ18 ዓመት ቀጠሮዋ

እሑድ ሰኔ 14 ቀን 2012 ዓ.ም. ጧት በላሊበላ ሰማይ ላይ የፀሐይ መካከሏ ጠቁሮ ዙሪያዋ እንደ ወርቅ ቀለበት ሲያበራ ታየ። ጥላው ከኮንጎ ተነሥቶ ደቡብ ሱዳንን፣ ኢትዮጵያንና ኤርትራን አቋርጦ በቀይ ባሕር ላይ ወደ የመን ተሻገረ። ለእንግዳ ማረፊያ ባለቤቶች መልካም ገበያ ይሆን የነበረው ዕለት ግን በዘመኑ ወረርሽኝ ምክንያት የባሕር ማዶ እንግዳ ሳያገኝ አለፈ።

ጨረቃ ከምድር በራቀችበት ጊዜ በፀሐይ ፊት ብታልፍ አንሳ ስለምትታይ ሁለመናዋን ልትሸፍን አይቻላትም፤ የተረፈው ዳር ቀለበት ይሆናል። ቀለበቱ ምንም ቢቀጥን በባዶ ዓይን ለተመለከተው ሰው ብርሃኑን ሊያሳጣው ይችላል።

223 የጨረቃ ወሮች ሲፈጸሙ፣ ይኸውም ከ18 ዓመት ከ11 ቀን ከ8 ሰዓት ገደማ በኋላ፣ ጨረቃ ወደ ቀድሞ ስፍራዋና ወደ ቀድሞ ርቀቷ ስለምትመለስ ያው ግርዶሽ ይደገማል። የላሊበላው ታላቅ ወንድም ሰኔ 3 ቀን 1994 ዓ.ም. በፓሲፊክ ውቅያኖስ ላይ ታይቶ ነበር፤ ታናሹም ሰኔ 25 ቀን 2030 ዓ.ም. ይጠበቃል። ነገር ግን ትርፊቱ 8 ሰዓት ስፍራውን ታፋልሳለች፤ ምድር በእርሷ ውስጥ ሲሶ ዙር ስለምትዞር ግርዶሹ ወደ ምዕራብ ይሸሻል። ስለዚህ ላሊበላ ተቀምጦ 18 ዓመት የሚቈጥር ነጋዴ ቀለበቱን አያገኘውም፤ ወደዚህ የምድር ወገን የሚመለሰው ከ54 ዓመት ከአንድ ወር ያህል በኋላ ነው፤ ያውም ወደ ደቡብ ዝቅ ብሎ።