የማዳበሪያው ወረፋና የምርጫው ቃል

በደቡብ ወሎ የምርጫው ወርና የማዳበሪያው ወር አንድ ነው። ከ1992 እስከ 2013 ዓ.ም. የተካሄዱትን አምስት ጠቅላላ ምርጫዎች ከገበሬው የሥራ ወራት ጋር ማስተያየት ይበቃል፤ ግንቦት 6 ቀን 1992፣ ግንቦት 7 ቀን 1997፣ ግንቦት 15 ቀን 2002፣ ግንቦት 16 ቀን 2007 እና ሰኔ 14 ቀን 2013 ዓ.ም.። እነዚህ ሳምንታት ከሐረጎ ቁልቁለት በታች የሚኖረው የቃሉ ገበሬ ማሽላውን ዘርቶ የጤፍ መሬቱን ደጋግሞ የሚያርስባቸው፣ የደሴ ዙሪያ ደገኛ ደግሞ የበልግ ገብሱን የሚጠባበቅባቸው ናቸው። በሁለቱም ዘንድ ማዳበሪያው መጣ፣ አልመጣም እየተባለ ይጠየቃል። ታዲያ ለማዳበሪያው ስም የሚመዘግበውና ለምርጫው ሕዝብ የሚሰበስበው ሰው በብዙ ቀበሌዎች አንድ ሰው ሆኖ መቆየቱን የማያውቅ የለም። ዛሬም ቀበሌውን “ገበሬ ማኅበር” ብሎ መጥራት አልቀረምና፣ ይህ ጽሑፍ በዚያ ወንበር ለተቀመጣችሁ መሪዎች የቀረበ ነው።

ጉዳዩም የፓርቲዎች ቃል ወደ ገጠር ሲወርድ እንዴት የገበሬው እምነት እንደሚሆን ነው። ለዚህም ዓይነተኛ ምሳሌ የሚሆነው የ1997ቱ ምርጫ ነው። በዚያ ዓመት የፓርቲዎች ክርክር በቴሌቪዥንና በሬዲዮ በሰፊው ተላልፎ፣ እንደ ደሴና ኮምቦልቻ ያለ ከተማ ነዋሪ ተከራካሪዎቹን በዓይኑ እያየ የመመዘን ዕድል አግኝቶ ነበር። ገጠሩ ግን ክርክሩን የሰማው በአብዛኛው በሰው አፍ ነው። ከሁሉም ይልቅ ገበሬውን የነካው የመሬት ጉዳይ ነበር።

ኢሕአዴግ የቆመው በ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 ላይ ነው፤ መሬት አይሸጥም፣ አይለወጥም። ቅንጅት ለአንድነትና ለዴሞክራሲ በበኩሉ ገበሬው የመሬቱ ባለቤት ይሁን የሚል አማራጭ አቀረበ። ሁለቱም አቋሞች ሰፊ ማብራሪያ የነበራቸው ሲሆኑ፣ ከከተማ ወጥተው ገጠር እስኪደርሱ ድረስ እያጠሩ ሄዱ። የአንደኛው ቃል መሬትህ ከተሸጠ ትሰደዳለህ ወደሚል፣ የሌላኛው ደግሞ መሬቱ የመንግሥት እስከሆነ ድረስ አንተ ጭሰኛ ነህ ወደሚል ወረደ።

ሁለቱም ቃሎች አማኝ አላጡም፤ ለምን ቢባል ሁለቱም እውነተኛ ትዝታ ላይ ያረፉ ነበሩ። ወሎዬ ስደት የሚል ቃል ሲሰማ 1966ን እና 1977ን ያስታውሳል። በ1977 በሬውን በርካሽ ሸጦ የተሰደደ ሰው፣ መሬትም የሚሸጥ ቢሆን ኖሮ አብሮ ይሸጥ ነበር ብሎ ለመገመት አያዳግተውም። በሌላ በኩል በ1989 ዓ.ም. በአማራ ክልል በተለይ በጎጃምና በጎንደር አካባቢዎች የተካሄደው የመሬት ሽግሽግ ገና አልተረሳም ነበር። በወሎ ክፍሎች ድልድሉ ቀደም ብሎ የተፈጸመ ቢሆንም ወሬው ሁሉንም አዳርሷል። በዚያ ሽግሽግ በቀድሞው ሥርዓት የገበሬ ማኅበር ሥራ አስፈጻሚ የነበሩ ሰዎች “ቢሮክራሲ” የሚል ስም ተለጥፎባቸው ይዞታቸው ወደ አራት ጥማድ፣ ማለትም ወደ አንድ ሄክታር ገደማ፣ እንዲወርድ ተደርጓል። ይህን ያየ ሰው መሬትህ በእጅህ አይደለም ቢባል ለምን አያምን?

ከዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው ቅስቀሳ እምነትን ከባዶ እንደማይፈጥር ነው። ቃሉ ራሱ እንደሚነግረን የተኛውን ይቀሰቅሳል። ፓርቲው የትኛውን ትዝታ እንደሚቀሰቅስ ይመርጣል፤ የማይበጀውን ደግሞ ተኝቶ እንዲቆይ ይተወዋል። በ1997ም ተኝቶ የቀረ ትልቅ ጉዳይ ነበር። ክልሉ በ1992 ዓ.ም. ባወጣው የመሬት አዋጅ ማከራየት ተፈቅዶ ነበር፤ ከምርጫው በኋላ በ1998 የወጣው አዋጅ ቁጥር 133 ደግሞ ኪራዩ እስከ 25 ዓመት ሊዘልቅ እንደሚችል ደንግጓል። በሬ የሌለው ሰው መሬቱን በእኩል ማሳረሱም የቆየ ልማድ ነው። ኪራዩ ስንት ዓመት ይሁን፣ በጽሑፍ ይሁን ወይስ በሽማግሌ፣ አቅመ ደካማዋ ባልቴት በውሉ እንዳትጎዳ ምን ይደረግ የሚሉት ጥያቄዎች የገበሬው የዕለት ተዕለት ጉዳዮች ሆነው ሳለ፣ ክርክሩ መሸጥ ወይስ አለመሸጥ በሚል ሁለት በር ብቻ ቀረበለት።

የዚያ ዓመት ሌላው መልእክት ፍርሃት ነበር። ከገዢው ወገን ተቃዋሚውን በ1986 ዓ.ም. በሩዋንዳ ጭፍጨፋ ከፈጸመው ኢንተርሃምዌ ጋር የሚያመሳስል ቅስቀሳ በአደባባይ ተሰማ። ከተቃዋሚው ወገንም ድሉ ያለቀለት ነው፣ የጎደለ ቢኖር የተሰረቀ ነው የሚል ስሜት አስቀድሞ ተዘራ። ውጤቱ ሲገለጽ ከ547ቱ የምክር ቤት መቀመጫዎች ኢሕአዴግ 327፣ ቅንጅት 109፣ ኅብረት 52 አገኙ፤ የአዲስ አበባን 23 መቀመጫዎች በሙሉ የወሰደው ቅንጅት ነው። በሁለቱ ወገን የተዘሩት እምነቶች ተፋጠው በተነሳው ሁከት 193 ሲቪሎችና 6 ፖሊሶች መሞታቸውን አጣሪ ኮሚሽኑ አረጋግጧል።

የፓርቲ ቃል ወደ መራጩ የሚደርሰው እንዴት ነው የሚለውን ጥያቄ ቀደም ብለው ያጠኑ ሰዎች አሉ። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1940 ዓ.ም. ፖል ላዛርስፌልድ የተባለ ምሁር ከባልደረቦቹ ጋር ሆኖ በአሜሪካ ኦሃዮ ግዛት በምትገኝ ኢሪ በተባለች የገጠርና የትናንሽ ከተሞች አውራጃ 600 ያህል መራጮችን ከግንቦት እስከ ኅዳር እየተመላለሰ ጠየቀ። ሬዲዮና ጋዜጣ ሰውን ሁሉ ሲለዋውጡ ያያል ተብሎ ሲጠበቅ፣ ያገኘው ሌላ ነገር ሆነ። ቅስቀሳው በአብዛኛው የነበረውን ዝንባሌ ያጠነክራል እንጂ ጥቂቱን ብቻ ነው የሚለውጠው። ከዚህም ሌላ ወሬው በመጀመሪያ የሚደርሰው ነገሩን በቅርብ ለሚከታተሉ፣ በአካባቢያቸው ለሚታመኑ ሰዎች ሲሆን፣ ሌላው ሕዝብ ከእነዚያ ይሰማል።

በእኛ አገር እነዚያ ሰዎች እነማን እንደሆኑ ለመንገር ጥናት አያስፈልግም። የቅሬው ሰብሳቢ ነው፣ ሸኹ ነው፣ ቄሱ ነው፣ ከባቲ የሰኞ ገበያ ወሬ ይዞ የሚመለሰው ነጋዴ ነው፣ እናንተም ናችሁ። ልዩነቱ ያለው ሌሎቹ ቃል ብቻ ሲይዙ፣ እናንተ ከቃሉ ጋር የመሬቱን መዝገብና የማዳበሪያውን ዝርዝር መያዛችሁ ላይ ነው። የቅሬው ሰብሳቢ ንብን ምረጡ ቢል ምክር ነው። ማዳበሪያ አዳዩ ያንኑ ቢል ግን ገበሬው የሚሰማው ምክሩን ብቻ አይደለም፤ ስሜ ከዝርዝሩ ይፋቅ ይሆን የሚለውንም አብሮ ይሰማል። ማንም ባያስፈራራውም እንኳ ይሰማዋል።

ከ1997 በኋላ ኢሕአዴግ ይህንኑ የተረዳ ይመስላል። ከአንድ ሚሊዮን በታች የነበረው የአባላቱ ቁጥር በጥቂት ዓመታት ውስጥ ከ4 ሚሊዮን በላይ ሆነ። በሚያዝያ 2000 በተደረገው የአካባቢ ምርጫ የአንድ ቀበሌ ምክር ቤት እስከ 300 አባላት እንዲኖሩት ተደረገ። ቀጥሎም አንድ ለአምስት የሚባለው አደረጃጀት መጣ። መልእክቱ ከዚያ ወዲያ የመሬት ክርክር ሳይሆን ልማት ነበር፤ መንገዱ፣ ጤና ኬላው፣ ትምህርት ቤቱ። እነዚህ በዓይን የሚታዩ ስለሆኑ ብዙ ሰው ያመነባቸው በእውነት ነው። በ2002 ግንባሩና አጋሮቹ ከ547 መቀመጫዎች 545ቱን፣ በ2007 ደግሞ ሁሉንም ወሰዱ።

ግን ያ ሁሉ ድምፅ እምነት ነበር? ከ2007 ግንቦት በኋላ አምስት ዓመት ሳይሞላ፣ በ2012 ዓ.ም.፣ ኢሕአዴግ የሚባል ግንባር አልነበረም። በስብሰባ ላይ እጅ ሲያወጣ የኖረው ሰው ግንባሩ ሲፈርስ አልጮኸም። ሰምና ወርቅ የሚያውቅ ሕዝብ ሰሙን ለስብሰባው ሰጥቶ ወርቁን በቤቱ ማስቀመጥ ይችላል፤ ስብሰባ መሪው ደግሞ ሰሙን ቆጥሮ ሪፖርት ይልካል።

በእርሻ ሥራችን ላይ የደረሰውንም ጉዳት መናገር ይገባል። ጤፍን በመስመር ስለመዝራት ትምህርት የሚሰጥበት ስብሰባና ስለ ፓርቲ የሚነገርበት ስብሰባ አንድ ሲሆን፣ ገበሬው ስለ ፓርቲው የተጠራጠረውን ያህል ስለ መስመሩም ይጠራጠራል። በዘር መጠንና በአረም ቁጥጥር ላይ የተሰጠ ደህና ምክር በዚህ ምክንያት ሳይሰማ ቀርቷል። ይህ በልማት ሠራተኛው ላይ ቀላል በደል አይደለም።

በምዕራብ አፍሪካ ቤኒን በ1993 ዓ.ም. በተደረገው የፕሬዚዳንት ምርጫ ሌናርድ ዋንቼኮን የተባለ የአገሩ ተወላጅ ምሁር አንድ ፈተና አካሄደ። ከፓርቲዎቹ ጋር ተስማምቶ፣ በተወሰኑ መንደሮች ለእናንተ ይህን እናደርጋለን የሚል የጥቅም ቃል ብቻ፣ በሌሎቹ ደግሞ ስለ አገር አቀፍ ፖሊሲ የሚናገር ቃል ብቻ እንዲነገር አደረገ። የጥቅሙ ቃል ብዙውን መራጭ ሳበ። ሴቶች ግን ከወንዶቹ ይልቅ ለፖሊሲው ቃል ጆሮ ሰጡ፤ ከመንደር ጥቅሙ ለእነርሱ የሚደርሳቸው ትንሽ መሆኑን ያውቁ ይሆናል። በእኛም ክልል የመሬቱ ደብተር የባልንና የሚስትን ስም አብሮ ይይዛል፤ የቀበሌ ስብሰባውን የሚሞላው ግን በአብዛኛው ባል ነው። ስለ መሬት የሚነገረው ቃል ለደብተሩ እኩሌታ ባለቤት የሚደርሰው እራት ላይ፣ በባል አፍ ነው ማለት ነው።

በ2013ቱ ምርጫ ነገሩ ሌላ መልክ ያዘ። የሰሜኑ ጦርነት ከጥቅምት 2013 ጀምሮ እየተካሄደ ስለነበር፣ በደሴም ሆነ በኮምቦልቻ ከመሬትና ከማዳበሪያ በላይ የተሰማው የጸጥታና የህልውና ቃል ነው። ብልጽግና በአምፖል፣ ኢዜማ በሚዛን ምልክት ቀረቡ፤ ብልጽግና 410 መቀመጫዎች ሲያገኝ አብን 5፣ ኢዜማ 4 አገኙ። ስልክም አዲስ መልእክተኛ ሆነ። በኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ የምትሠራ ልጅ ለበዓል ወደ ቤተሰቧ ስትመለስ በስልኳ ያየችውን ይዛ ትገባለች፤ እውነቱና ሐሰቱ አልተለየም። ድምፅ ከተሰጠ ከአራት ወር በኋላ ሁለቱ ከተሞች በሕወሓት ኃይሎች ተያዙ፤ በኅዳር 2014 መጨረሻም ተመለሱ። በዚያው ዓመት የማዳበሪያ ዋጋ ክፉኛ ናረ።

የምርጫ ሰሞን ሲመጣ ለገበሬ ማኅበር መሪ የሚቀርበው ሥራ ከባድ አይደለም፤ ግን ይረሳል። የማዳበሪያው ስብሰባ በአንድ ቀን፣ የምርጫው በሌላ ቀን ይሁን፤ ቢቻል ቦታውም ይለይ፣ የሚናገረውም ሰው ይለይ። የማዳበሪያው ስም ዝርዝር ከቅስቀሳው በፊት በግድግዳ ቢለጠፍ ስሜ ይፋቅ ይሆን የሚለው ስጋት ግማሹ ይወገዳል። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የምርጫ አዋጅ ቁጥር 1162 የመንግሥትን ንብረት ለፓርቲ ቅስቀሳ ማዋልን አይፈቅድም። በ2013 ቅስቀሳው ከድምፅ መስጫው ቀን አራት ቀን አስቀድሞ እንዲቆም ተደርጓል።

ከሁሉም ቃሎች አጭሩና ብርቱው ግን ፓርቲ በይፋ የማይናገረው ነው፤ ማንን እንደመረጥክ ይታወቃል የሚለው። ይህን ለማፍረስ ንግግር አይበቃም፤ ማሳየት ይሻላል። ከምርጫው በፊት ወንዱም ሴቱም ባሉበት፣ በቅሬው ስብሰባም ቢሆን፣ መራጩ ከመጋረጃ ጀርባ ብቻውን ምልክት እንደሚያደርግ፣ ወረቀቱን አጥፎ ሳጥን ውስጥ እንደሚከት፣ ሳጥኑም እዚያው ምርጫ ጣቢያው ላይ ተከፍቶ እንደሚቆጠር ደረጃ በደረጃ ይታይ። ቆጠራው ሲያልቅ ውጤቱ በጣቢያው ደጃፍ ይለጠፋል። በወረቀቱ ላይ የሚነበበው የተወዳዳሪው ስምና ያገኘው ድምፅ ብቻ ሲሆን፣ የመራጭ ስም አይጻፍበትም።