ያነበቡትን መጽሐፍ ለሌላ ሰው መንገር

አንድ ገበሬ በሬ ሊገዛ ገበያ ሲወጣ ብቻውን አይወጣም። በሬ የሚያውቅ ጎረቤት ይዞ ይሄዳል። ጎረቤቱ የበሬውን ጥርስ ያያል፤ ጫንቃውን ይዳስሳል፤ አረማመዱን ይመለከታል። ከዚያም «ይኼ ያርሳል» ወይም «ይኼስ ይቅርብህ፤ ተዋጊ ነው» ይላል። ዘርም ቢሆን እንዲሁ ነው። ባለፈው ዓመት የማን ማሳ እንዳማረ፣ ዘሩንም ከየት እንዳመጣው ይጠየቃል።

መጽሐፍስ? መጽሐፍ ጥርስ የለውም። ሽፋኑን አይቶ ውስጡን ማወቅ አይቻልም። ስለዚህ ከእኛ በፊት ያነበበውን ሰው እንጠይቃለን። እኛም አንብበን ስንጨርስ ለሌላው እንነግራለን። ይህ ነገር ይበልጥ የሚያስፈልገው ለአዲስ አንባቢ ነው። ፊደል የለየ ሰው መጀመሪያ የያዘው መጽሐፍ ከከበደው ወይም ካሰለቸው ማንበቡን ይተዋል። ማንበብ የተወ ሰው ደግሞ ቀስ በቀስ ፊደሉን ይረሳል። አንዳንዱ ሰው የተማረውን የሚረሳው ሰነፍ ሆኖ አይደለም። «እስቲ ይህን አንብብ፤ ትወደዋለህ» የሚለው ሰው አጥቶ ነው።

ዛሬ የምናነሳው ስለ ልብ ወለድ መጽሐፍ ነው። ከልብ ወለድም ስለ ሁለት ዓይነቶች ነው።

ልብ ወለድ ማለት ምን ማለት ነው?

ልብ ወለድ ማለት ልብ የወለደው፣ ደራሲ አስቦ የፈጠረው ታሪክ ማለት ነው። በአማርኛ የመጀመሪያው ልብ ወለድ መጽሐፍ በአፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ ተደርሶ በ1900 ዓ.ም. ሮም ከተማ ታተመ። የመጽሐፉም ስም ራሱ «ልብ ወለድ ታሪክ» ነበር።

በውጭ አገር ቋንቋዎች በብዛት ከሚጻፉት ልብ ወለዶች አንደኛው የሳይንስ ልብ ወለድ ይባላል። ደራሲው ሳይንስ እስካሁን የደረሰበትን ይይዝና «ነገ እንዲህ ቢሆንስ?» ብሎ ይጀምራል። ሁለተኛው ፋንታሲ ይባላል። በዚህኛው ዘንዶ ይናገራል፤ አስማት ይሠራል፤ በካርታ ላይ የሌለ አገር ይኖራል። ለተረት ቅርብ ነው፤ ነገር ግን በጣም ይረዝማል።

«ታዲያ ይህ ሁሉ ውሸት አይደለም ወይ?» የሚል ሰው አይጠፋም። አይደለም። ውሸታም ሰው የሚናገረው እውነት ነው ብለን እንድናምነው ነው። ደራሲው ግን ፈጠራ መሆኑን አልደበቀንም። ማታ እሳት ዳር ስለ አንበሳና ስለ ጦጣ ሲተረት «አንበሳ መቼ ተናገረ?» ብሎ የሚጣላ አለ እንዴ?

ደግሞም በሐሳብ የተጀመረ ነገር አንዳንዴ በሥራ ይታያል። ዡል ቬርን የሚባል ፈረንሳዊ ደራሲ እ.ኤ.አ. በ1865 አንድ መጽሐፍ አሳተመ። በመጽሐፉ ውስጥ ሦስት ሰዎች በትልቅ መድፍ ጥይት ውስጥ ገብተው ወደ ጨረቃ ይተኮሳሉ። መድፉ የተሠራው አሜሪካ ውስጥ ፍሎሪዳ በሚባለው አገር ነው። ከ104 ዓመት በኋላ፣ ማለትም በሐምሌ ወር 1961 ዓ.ም.፣ በእውነትም ሦስት ሰዎች ከዚያው ከፍሎሪዳ ተነሥተው ወደ ጨረቃ ሄዱ። ከእነሱም ሁለቱ መሬቷን ረገጡ። ሆኖም ቬርን ሁሉን አላወቀም። እሱ እንዳለው በመድፍ ቢተኮሱ ኖሮ ሰዎቹ ከአፈሙዙ ሳይወጡ ተጨፍልቀው በሞቱ ነበር። የተሄደው በሮኬት ነው። መጽሐፉን ለሌላ የሚነግር ሰው ይህንንም ቢጨምርበት መልካም ነው።

የአሥር ዓመቱ ልጅ

በእንግሊዝ አገር ቶልኪን የሚባል የዩኒቨርሲቲ መምህር ነበር። ለልጆቹ ያዘጋጀውን ታሪክ በጽሑፍ አደረገው። ታሪኩ ጉድጓድ ቤት ውስጥ ተመችቶት ስለሚኖር አንድ አጭር ፍጡር ነው። ይህ ፍጡር ሳያስበው ከቤቱ ወጥቶ፣ ዘንዶ የሚጠብቀውን ሀብት ፍለጋ ሩቅ አገር ይሄዳል። የመጽሐፉ ስም «ዘ ሆቢት» ነው።

ጽሑፉ እ.ኤ.አ. በ1936 ለንደን ለሚገኝ አሳታሚ ቀረበ። የአሳታሚው ድርጅት ኃላፊ ስታንሊ አንዊን ይባላል። አንዊን የልጆችን መጽሐፍ የሚመዝን ልጅ ነው ብሎ ያምን ነበር። ስለዚህ ጽሑፉን ለገዛ ልጁ ለሬይነር ሰጠው። ሬይነር ያን ጊዜ ዕድሜው 10 ዓመት ነበር። አንብቦ አስተያየቱን በጽሑፍ ሲሰጥ አንድ ሽልንግ ይከፈለው ነበር።

ልጁ በአጭሩ ጻፈ። ታሪኩ ስለማን እንደሆነ፣ ምን እንደሚደርስበት ገለጸ። መጽሐፉ ጥሩ ነው አለ። ከ5 እስከ 9 ዓመት ያሉ ልጆች ይወዱታል ብሎም ጨመረ። ልብ በሉ፤ እሱ ራሱ ዐሥር ዓመቱ ነው። ለትንንሾቹ ነው ማለቱ ነው እንግዲህ! ልጅ መቼም ትልቅ መባል ይወዳል። በዚህስ ተሳስቷል፤ መጽሐፉን እስከ ዛሬ ሽማግሌም ያነበዋል። ቢሆንም አባቱ የልጁን ቃል ተቀበለ። መጽሐፉ በመስከረም ወር 1937 እ.ኤ.አ. ወጣ። የታተመው 1,500 ቅጂ በዚያው ዓመት እስከ ታኅሣሥ ተሸጦ አለቀ።

እንዴት አድርገን እንንገር?

«ጥሩ መጽሐፍ ነው» ማለት ብቻ አይበቃም። ለማን ነው ጥሩ? በምንስ ነው ጥሩ? እስቲ የሁለት ጎረቤታሞችን ጨዋታ እንስማ።

«እትዬ፣ ልጅዎ ማታ ማታ የሚያነብልዎት መጽሐፍ አለቀ እንዴ?»

«አለቀ። በእንግሊዝኛ የተጻፈ ነው፤ ልጄ እያነበበ በአማርኛ ተረከልኝ። ዌልስ የሚባል እንግሊዛዊ በፈረንጆች በ1898 ያሳተመው ነው አለኝ። አንድ ትልቅ የብረት በርሜል ከሰማይ መጥቶ አንድ መንደር አጠገብ ወደቀ። ሰው ሁሉ ምን ይሆን ብሎ ከብቦ ሲያይ የበርሜሉ ክዳን መዞር ጀመረ።»

«ከዚያስ?»

«ማርስ ከምትባለው ዓለም የመጡ ፍጥረቶች ወጡ። ባለ ሦስት እግር መኪና ላይ ሆነው ሰውንም ቤቱንም ያቃጥላሉ። መድፍ እንኳ እምብዛም አልመለሳቸውም። የለንደን ሕዝብ ከተማውን ጥሎ ሸሸ።»

«ወይ ጉድ! በመጨረሻ አሸነፉ ወይስ ተሸነፉ?»

«እሱንማ አልነግርሽም! ማታ ነይና ልጄ ያንብብልሽ። ግን ልብሽ ስስ ከሆነ ይቅርብሽ፤ ሞቱ ይበዛል። መካከሉ ላይ ደግሞ የማላውቀው የአገር ስም በዝቶብኝ ትንሽ ሰልችቶኝ ነበር።»

እትዬ ብዙ ነገር ተናግረዋል። መጽሐፉ በምን ቋንቋ እንደተጻፈ፣ ማን እንደደረሰው፣ እንዴት እንደሚጀምር ነግረዋል። ማን ቢያነበው እንደማይመቸው አስጠንቅቀዋል። ያልወደዱትንም አልደበቁም። የማይወዱት ነገር የሌለው ሰው ምስክርነቱ ያጠራጥራል፤ እንደ ነጋዴ ሁሉንም ያመሰግናል ማለት ነው። ከሁሉም በላይ መጨረሻውን ሳይነግሩ ትተዋል። መጨረሻውን የነገሩን መጽሐፍ ቅራሪ ሆኖ የቀረበ ጠላ ማለት ነው።

እትዬ ያልጠቀሱትን አንድ ነገር እኔ ልጨምር። ዌልስ በዚህ መጽሐፍ እንግሊዞችን ይወቅሳል። አውሮፓውያን ታዝማኒያ በምትባለው ደሴት ሕዝብ ላይ ያደረሱትን ጥፋት ያነሳል። «ጉልበተኛ ከሌላ ዓለም መጥቶ እኛንም እንዲህ ቢያደርገን በምን አፋችን እንከሰዋለን?» እንደ ማለት ነው። መሣሪያው የበለጠ ወራሪ ባሕር ተሻግሮ ሲመጣበት ያየ ሕዝብ ይህን ሐሳብ ለመረዳት አይቸገርም።

ሩቅ ላለ አንባቢስ?

አንባቢዎች ጎረቤት ባይሆኑም ይነጋገራሉ። እ.ኤ.አ. በ1926 ሁጎ ጌርንስባክ የሚባል ሰው በኒውዮርክ የሳይንስ ልብ ወለድ ብቻ የሚወጣበት መጽሔት ጀመረ። ስሙ «አሜዚንግ ስቶሪስ» ይባላል፤ አስደናቂ ታሪኮች ማለት ነው። አንባቢዎች «ይኼኛው ታሪክ ጥሩ ነው፤ ያኛው አልጣመኝም» እያሉ ደብዳቤ ይጽፉ ነበር። መጽሔቱም ደብዳቤውን ከነጸሐፊው አድራሻ ያትመው ጀመር። በዚህም ምክንያት አንዱ አንባቢ ለሌላው ይጽፍ ገባ። ቀጥሎ ማኅበር አቋቋሙ። እ.ኤ.አ. በ1939 ኒውዮርክ ላይ ትልቅ ስብሰባ አደረጉ። በ1953 ደግሞ በጌርንስባክ ስም የተጠራ ሽልማት ተጀመረ። የዚህ ሽልማት ዳኞች ሌሎች ሳይሆኑ ድምፅ የሚሰጡት የስብሰባው አባላት፣ አንባቢዎቹ ናቸው።

በየመንደሩም ቢሆን ለዚህ መጽሔት አያስፈልግም። ማንበቢያ ቤት ካለ ግድግዳው ላይ አንድ ወረቀት ይለጠፍ። ያነበበ ሰው የመጽሐፉን ስም፣ የራሱን ስምና ሁለት መስመር አስተያየት ይጻፍበት። ፊደሉ ትልቅ ነው ወይስ ደቃቅ? በስንት ቀን ያልቃል? ለልጅ ይሆናል? ይህን የጻፈ ሰው ማንበብ ብቻ ሳይሆን መጻፍም ይለማመዳል። መጽሐፉን የተዋሰ ሰው ደግሞ በጋዜጣ ይሸፍነው። ሽሮ የነካው ገጽ ለሚቀጥለው አንባቢ አይነበብም።

ሬይነር ካደገ በኋላ

ቶልኪን ከ«ዘ ሆቢት» በኋላ «የቀለበቶቹ ጌታ» የሚባል ሌላ ታሪክ ጻፈ። ለመጻፍ ከአሥር ዓመት በላይ ፈጀበት። በጣም ከመርዘሙ የተነሳ በሦስት ተከፍሎ እንዲታተም ሆነ። ሬይነር በዚያን ጊዜ አድጎ በአባቱ ድርጅት ይሠራ ነበር። ጽሑፉን ወደደው፤ ግን ሒሳቡን ሲያሰላ እስከ 1,000 ፓውንድ ኪሳራ ሊደርስ እንደሚችል አየ። አባቱ ሩቅ አገር ሄዶ ስለነበር ጻፈለትና ጠየቀው። አባቱም፣ መጽሐፉ ታላቅ ሥራ ነው ብለህ ካመንክ ገንዘቡ ይክሰር፣ የሚል መልስ ላከለት።

መጽሐፉ እ.ኤ.አ. በ1954 እና በ1955 ወጣ። ለደራሲው አስቀድሞ የተከፈለው ገንዘብ አልነበረም። የማሳተሚያው ወጪ ከተመለሰ በኋላ ትርፉን እኩል ለእኩል ሊካፈሉ ተዋዋሉ። የእኩል አራሽ ውል በሉት። አዝመራውም ያዘ። ኪሳራው ቀርቶ መጽሐፉ በብዙ ቋንቋ ተተርጉሞ በሚሊዮን በሚቆጠር ቅጂ ተሸጠ፤ ቶልኪንም እኩሌታውን ወሰደ።