ጥንብ አንሣ ሲጠፋ ውሻ ይበዛል

ለልማት ሠራተኞችና ለከብት አርቢ ኅብረት ሥራ ማኅበራት የተዘጋጀ

መግቢያ

ከቦሌ ወደ ምሥራቅ ሲኬድ ጎሮ፣ ሰሚት፣ አያትና ቦሌ አራብሳ ዛሬ በመኖሪያ ቤት ተሞልተዋል። ከጥቂት ዐሥርተ ዓመታት በፊት ግን አብዛኛው ቦታ የእርሻ ማሳና የከብት መሰማሪያ ነበር። መሬቱ ቢለወጥም ከብቱ ፈጽሞ አልጠፋም። በኮተቤና በካራ አካባቢ በየግቢያቸው የወተት ላም የሚያረቡ ሰዎች ዛሬም አሉ። ከብት ባለበት ደግሞ የሚሞት ከብት አይታጣም።

ለመሆኑ ላም ስትሞት በድኗ የት ይደርሳል? ቀድሞ መልሱ ቀላል ነበር። በድኑ ከመንደር ራቅ ተደርጎ ይጣላል፤ ቀን አሞራ፣ ሌሊት ጅብ ይጨርሰዋል። ዛሬ ግን በብዙ ቦታ ከአሞራው ቀድሞ የሚደርሰው ባለቤት የሌለው ውሻ ነው። ይህ ለውጥ ለምን እንደመጣ፣ በአርቢው ላይ ምን ጉዳት እንደሚያስከትልና ምን ማድረግ እንደሚገባ ከዚህ ቀጥሎ ተገልጿል። በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

የጥንብ አንሣ ጥቅም

«ጥንብ አንሣ» የሚለው ስም በሕዝቡ ዘንድ እንደ ስድብ ይቆጠራል። ይሁን እንጂ ወፉ የሚሠራው ሥራ የጽዳት ሠራተኛ ሥራ ነው። በጨጓራው ውስጥ ያለው አሲድ እጅግ ኃይለኛ በመሆኑ ሌላውን እንስሳ የሚያሳምሙ ብዙ ጀርሞችን ይገድላል።

ጅብም የሥራው ተካፋይ ነው። በመቀሌ ተጠንቶ በ2021 የታተመ ሥራ እንደገመተው፣ የከተማዋ ጅቦች በዓመት 207 ቶን የሚሆን የእንስሳት በድን ያስወግዳሉ።

የጥንብ አንሣዎች መመናመን

በዓለም ላይ ክትትል የሚደረግባቸው የዱር እንስሳት ከ1970 እስከ 2020 ባለው ጊዜ ብዛታቸው በአማካይ 73% መቀነሱን የዓለም የዱር እንስሳት ፈንድ በ2024 አስታውቋል። በአፍሪካ 8 ዓይነት ጥንብ አንሣዎችን የተመለከተና በ2016 የታተመ ጥናት ደግሞ ቁጥራቸው በ30 ዓመት ውስጥ በአማካይ 62% መቀነሱን አሳይቷል። ከተመዘገቡት ሞቶች 61% የደረሱት በመርዝ ነው።

በ2015 በአገራችን ከሚገኙት ጥንብ አንሣዎች አራት ዓይነቶች ለመጥፋት እጅግ ተቃርበዋል ተብለው ተመዝግበዋል። ከእነዚህ መካከል በቄራና በቆሻሻ መጣያ አጠገብ የሚታየው ፊተ ሮዙ ትንሹ ጥንብ አንሣ፣ እንዲሁም በገደል ላይ ጎጆ የሚሠራውና በ1830ዎቹ አገራችንን በጎበኘው በጀርመናዊው ሩፔል ስም የሚጠራው ትልቁ ጆፌ አሞራ ይገኛሉ።

በኢትዮጵያ በስድስት ቄራዎች ከ2014 እስከ 2019 በተደረገ ክትትል እነዚህ ወፎች በእጅጉ ሲመናመኑ ውሾች ከእጥፍ በላይ ሆነው ታይተዋል። ይኸው ጥናት አጥራቸው በደንብ በተያዘ ቄራዎች ውሻ እንደሚያንስና አሞራው የበለጠ እንደሚመገብ አመልክቷል።

ይህን ወፍ ማንም ለሥጋው ብሎ አያድነውም። ጠፊ ያደረገው በሞተው ከብት ውስጥ የምንጨምረው ነገር ነው። አርቢው ጅብ ወይም ውሻ ለመግደል በሥጋ ላይ መርዝ ሲያደርግ፣ በከተማም ውሻ በስትሪክኒን ሲገደል፣ በድኑን ሊያነሣ የሚመጣው አሞራ አብሮ ይሞታል። አሞራ በመንጋ ስለሚመገብ አንድ የተመረዘ በድን ብዙ ወፎችን ሊፈጅ ይችላል።

ከህንድ የተገኘ ትምህርት

በህንድ በአንድ ወቅት በጣም ብዙ የነበረው ነጭ ጀርባ ጥንብ አንሣ ከ1992 እስከ 2007 ባለው ጊዜ በ99.9% ቀነሰ፤ ይኸውም ከ1,000 ወፎች አንዱ ብቻ ቀረ ማለት ነው። መንስኤው እስከ 2004 ድረስ አልታወቀም ነበር። በኋላ እንደተረጋገጠው ገዳዩ ዳይክሎፌናክ የተባለ፣ ለከብት ሕመም ማስታገሻነት የሚሰጥ መድኃኒት ነው። መድኃኒቱ የተሰጠው ከብት ወዲያው ከሞተ፣ ሥጋውን የበላው አሞራ ኩላሊቱ ሥራውን ያቆምና ይሞታል። ከ100 በድኖች አንዱ እንኳ የማይሞላው መድኃኒቱን ቢይዝ ወፉን ለማጥፋት በቂ ሆኖ ተገኝቷል።

አሞራው ሲጠፋ ውሻ በዛ፤ የእብድ ውሻ በሽታም አብሮ አሳሰበ። በ2024 የወጣ ጥናት፣ ከ2000 እስከ 2005 ባሉት ዓመታት በዚህ ምክንያት ግማሽ ሚሊዮን ያህል ተጨማሪ ሰዎች ሳይሞቱ እንዳልቀሩ ገምቷል። ህንድ መድኃኒቱ ለከብት እንዳይሰጥ በ2006 ከለከለች።

በአገራችንም የውሻ መብዛት ጉዳቱ በበረት ይታያል። ውሻ ያልተመረመረ ሆድ ዕቃ ሲበላ በአንጀቱ ውስጥ የሚያድገው ትል እንቁላሉን በግጦሽ ላይ ይበትናል። ከብቱ እንቁላሉን ከሣር ጋር ሲውጥ በጉበቱና በሳንባው ላይ ውኃ የቋጠረ ከረጢት ይበቅላል፤ ሥጋ መርማሪውም ጉበቱን ይጥለዋል። ሰውም በዚሁ ትል ይያዛል።

መደረግ የሚገባው

1ኛ. በሥጋም ሆነ በበድን ላይ መርዝ አይደረግ። ከብትን ከጅብ ለመጠበቅ በረቱን ማጠንከር፣ ውሻን ማስከተብና አለማባዘን ይሻላል።

2ኛ. ለሰው የተዘጋጀ ዳይክሎፌናክ ለከብት አይሰጥ። ኬቶፕሮፌንም አሞራን ይገድላል። በምትካቸው ሜሎክሲካም ይገኝ እንደሆነ የእንስሳት ሐኪሙ ይጠየቅ፤ ይህ አሞራን እንደማይጎዳ ተረጋግጧል።

3ኛ. ከብቱ በድንገት ከሞተ፣ በአፍንጫውና በፊንጢጣው የማይረጋ ደም ከፈሰሰ አባ ሰንጋ ሊሆን ስለሚችል አይገፈፍ፣ አይከፈት። ለእንስሳት ጤና ባለሙያ ይነገርና በባለሙያው መመሪያ ይቃጠል ወይም በጥልቅ ይቀበር።

4ኛ. በመርዝ የሞተ ወይም በቅርቡ መድኃኒት የወሰደ ከብት ለአሞራ አይጣል፤ ይቀበር። ከረጢት ያለበት ጉበትና ሳንባም ለውሻ አይሰጥ።

5ኛ. ማኅበራት በጋራ ውሻ የማያስገባ አጥር ያለው ማስወገጃ ቢያዘጋጁ መልካም ነው። ቦታው ከመኖሪያ፣ ከወንዝና ከኤሌክትሪክ መስመር መራቅ አለበት።

6ኛ. በቦሌና በአካባቢው በድን በሜዳ ላይ ፈጽሞ አይጣል፤ አሞራን ወደ አውሮፕላን መንገድ ይስባልና። በ1973 በአይቮሪ ኮስት ሰማይ ላይ አንድ የሩፔል ጆፌ አሞራ በ11,300 ሜትር ከፍታ ከአውሮፕላን ጋር ተጋጭቷል። በዚህ አካባቢ መቅበር ግዴታ ሊሆን ይገባል።

7ኛ. አሞራ የሚያድርባቸውና ጎጆ የሚሠራባቸው ትልልቅ ዛፎች ያለ በቂ ምክንያት አይቆረጡ።

ማጠቃለያ

ትንሹ ጥንብ አንሣ በአንድ የመራቢያ ወቅት የሚጥለው አንድ እንቁላል ብቻ ነው፤ ጫጩቱም ለመራባት ዓመታት ይፈጅበታል። ስለዚህ በአንድ ከሰዓት በኋላ በአንድ የተመረዘ በድን የጠፋ መንጋ በቶሎ አይተካም። የልማት ሠራተኛው በሚቀጥለው የማኅበር ስብሰባ ላይ ስለ ክትባትና ስለ መኖ ሲናገር፣ «ላሟ ከሞተች በኋላስ?» የሚለውን ጥያቄ አብሮ ያንሣ። መልሱ ያለው በአርቢዎቹ እጅ ነው።