የሚይዝ ጎማ ለጣና ዳር አየር

ባሕር ዳር ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። በዚህ ከፍታ አየሩ ባሕር ጠለል ላይ ካለው በአንድ አምስተኛ ያህል ይሳሳል። ለሯጭ ይህ የትንፋሽ ጉዳይ ነው፤ ለጠረጴዛ ቴኒስ ተጫዋች ግን የራኬት ጎማ ጉዳይም ነው። ኳሷ 2.7 ግራም ብቻ ትመዝናለች። በሰከንድ 10 ሜትር ስትበር አየሩ ወደ ኋላ የሚይዛት ኃይል የራሷን ክብደት ያህላል። አየሩ ሲሳሳ ይህ ልጓም ይላላል፤ ወደ ፊት እየተሽከረከረች የተመታች ኳስ (ቶፕስፒን) ወደ ጠረጴዛው የምታጎነብሰውም በዚያው ልክ ይቀንሳል። አሌክሳንድሪያ ላይ የጠረጴዛውን ጫፍ የምታገኝ ቶፕስፒን ጣና ዳር ላይ አልፋ ልትወድቅ ትችላለች።

በሜዳ ቴኒስ ለዚህ መላ ተበጅቶለታል፤ ዓለም አቀፉ ፌዴሬሽን ከ1,219 ሜትር በላይ ለሚደረግ ጨዋታ የተለየ ኳስ ፈቅዷል። ጠረጴዛ ቴኒስ ግን የትም ቢሆን ያው 40 ሚሊሜትር የፕላስቲክ ኳስ ነው። ተጫዋቹ ማስተካከል የሚችለው አመታቱንና ጎማውን ብቻ ነው። ስለዚህ ለቆላና ለባሕር ዳርቻ አገር ተጫዋች የተጻፈ የጎማ ምክር እንዳለ ወደ ጣና ዳር ሲመጣ ይሳሳታል። ፍጥነቱን ስሱ አየር በነጻ ይሰጣል። የሚጎድለው ኳሷን ይዞ የሚያሽከረክር ጎማ ነው፤ ያንኑ ጉብጠት ለማግኘት እዚህ የበለጠ ማሽከርከር ያስፈልጋልና። ደስ የሚለው፣ ኳሷ ጠረጴዛውን ወይም የተጋጣሚን ራኬት ስትነካ ሽክርክሪቷ እንደ ቆላው ሁሉ ሙሉ በሙሉ ይሠራል። ሰርቪስና አጭር ጨዋታ ላይ ከፍታው ከማንም አይቀማም።

የራኬቱ አካል በደንቡ መሠረት ቢያንስ 85 በመቶ የተፈጥሮ እንጨት መሆን አለበት። በላዩ የሚለጠፈው ጎማ ሁለት ድርብ ነው፤ ላይኛው ኳሷን የሚነካው ቆዳ፣ ታችኛው ስፖንጅ። ሁለቱ ከነኮላቸው ከ4 ሚሊሜትር መብለጥ አይችሉም። ይህ ገደብ ታሪክ አለው። እ.ኤ.አ. በ1952 ቦምቤይ በተካሄደው የዓለም ሻምፒዮና ጃፓናዊው ሂሮጂ ሳቶ ወፍራም ስፖንጅ ብቻ የለበሰ ራኬት ይዞ መጣ። እስከዚያ ድረስ ተጫዋቾች የኳሷን ኃይል በድምፅ ይለዩ ነበር፤ የሳቶ ራኬት ግን ድምፅ አልነበረውም። በነጠላ ወንዶች ዋንጫውን ወሰደ። ከክርክር በኋላ በ1959 ስፖንጅን ብቻውን መጠቀም ተከለከለና ውፍረቱም ተወሰነ፤ ዛሬ የሚታወቀው ባለ ሁለት ድርብ ጎማ መደበኛ የሆነው ከዚያ ወዲህ ነው።

ላይኛው ቆዳ ጉብታ ጉብታ አለው። ጉብታው ወደ ውጭ ሲሆን አጭሩ ለፈጣን ምት፣ ረጅሙ የተጋጣሚን ሽክርክሪት ገልብጦ ለመመለስ ያገለግላል። ኳስን የማይዝ፣ ፀረ-ስፒን የሚባል ለስላሳ ጎማም አለ። እነዚህ የልምድ ሰው መሣሪያዎች ናቸው። ማሽከርከርና መቆጣጠር የሚፈልግ ተጫዋች ጉብታው ወደ ውስጥ የተገለበጠውን፣ ፊቱ ልሙጥ የሆነውን ይይዛል፤ የዓለም አብዛኛው ተጫዋችም የሚጫወተው በእሱ ነው።

ልሙጡ ጎማም ቢሆን ሁለት ትምህርት ቤት አለው። የቻይናው ፊቱ ሙጫ የተቀባ ይመስላል፤ ራኬቱን ኳስ ላይ ጫን አድርገው ቀስ ብለው ቢያነሱት ኳሷ ለቅጽበት ተንጠልጥላ ትቆያለች። ከሥሩ ያለው ስፖንጅ ጠንካራ ነው። የሻንጋዩ ዲኤችኤስ ሀሪኬን 3 የዚህ ወገን ዋና ምሳሌ ነው፤ ቻይናዊው ማ ሎንግ በፎርሃንዱ ይዞት በ2016 እና በቶኪዮ ኦሎምፒክ በነጠላ ተከታትሎ ወርቅ አጥልቋል። የቲያንጂኑ ፍሬንድሺፕ 729 ደግሞ ርካሹ ወንድሙ ነው፤ ውጭ አገር ብዙ ጊዜ ከ20 ዶላር በታች ይሸጣል። እነዚህ ጎማዎች ቀስ ብሎ ለሚነካቸው ቀስ ይላሉ፣ ኃይል የሚሰጡት ክንዱን በሙሉ ለሚወረውር ነው። ሁለተኛው የጃፓንና የጀርመን መንገድ ነው፤ ፊቱ አይጣበቅም፣ ስፖንጁ ግን ኳሷን ወደ ውስጥ አስገብቶ መልሶ ይወረውራል። የበተርፍላይ ቴነርጂ 05 በ2008 ገበያ ላይ ሲወጣ ይህን ስልት ከፍ ወዳለ ደረጃ አደረሰው። ኃይለኛ ነው፤ ለጀማሪ እጅ ግን ይፈጥናል፣ ዋጋውም አይቀመስም።

በሁለቱ መካከል ዘመን ያለፈባቸው የሚመስሉ፣ ግን እስካሁን የሚሠሩ አሉ፤ የበተርፍላይ ስራይቨር ከ1967 ጀምሮ፣ የያሳካ ማርክ 5 ከ1969 ጀምሮ። ለጣና ዳር ለሚለማመድ ወጣት ከእነዚህ አንዱ፣ ወይም አቅም ከሌለ 729፣ ከማንኛውም ውድ ጎማ የተሻለ ምርጫ ነው። ኳሷን ይይዛሉ፣ ከእጅ አያመልጡም፣ ስህተትን ለተጫዋቹ በግልጽ ያሳዩታል።

የስፖንጁ ውፍረት ከጎማው ስም ያልተናነሰ ይወስናል። 2.1 ሚሊሜትርና ከዚያ በላይ ያለው ኳስን ሩቅ ይወረውራል፤ 1.8 ወይም 2.0 ያለው ቶሎ ወደ እንጨቱ ስሜት ያደርሳል፣ ማቆምንና መመለስን ያቀላል። በስስ አየር ውስጥ ለሚጫወት ይህ ትንሽ ልዩነት ትልቅ ነው። የስፖንጅ ጥንካሬ በቁጥር ይጻፋል፤ ግን ቻይናውያን የሚጽፉት 39 እና ጀርመኖች የሚጽፉት 47 በአንድ ሚዛን የተለኩ ስላልሆኑ 39 ያለው ለስላሳ ነው ብሎ የገዛ ሰው ድንጋይ የመሰለ ጎማ ይዞ ሊመለስ ይችላል።

አሁን ደግሞ ስለ ኮላው። ባሕር ዳር የብስክሌት ከተማ ናት፤ ጎሚስታ ያለበት ሁሉ ማስቲሽ አለ፣ የተላቀቀ የራኬት ጎማም በማስቲሽ መልሶ የመለጠፍ ሐሳብ ቶሎ ይመጣል። አውሮፓም ይህን መንገድ ሄዶበታል። በ1970ዎቹ የዩጎዝላቪያው ድራጉቲን ሹርቤክና የሃንጋሪው ቲቦር ክላምፓር በብስክሌት ጎማ መለጠፊያ ሲጫወቱ ስፖንጁ እንደሚያብጥና ኳሷ እንደምትፈጥን ደረሱበት፤ ከዚያ በኋላ ለሦስት አሥርት ዓመታት ከጨዋታ በፊት ኮላ መቀባት ልማድ ሆነ። ተኑ ለጤና ጎጂ ስለሆነ ዓለም አቀፉ ፌዴሬሽን በ2008፣ ከቤጂንግ ኦሎምፒክ በኋላ፣ ከለከለው። ስለዚህ በማስቲሽ የተለጠፈ ራኬት በውድድር ሊያሳግድ ይችላል፤ ከዚያም በላይ በተዘጋ ክፍል ውስጥ ለሳንባ ክፉ ነው። ትክክለኛው በውኃ የተሠራ ኮላ ነው። ነጭ ሆኖ በስፖንጁና በእንጨቱ ላይ በስሱ ይቀባል፣ ደርቆ ብርሃን እስኪያሳልፍ ይጠበቃል፣ ከዚያ ጎማው ከእጀታው በኩል ጀምሮ እየተለጠፈ በጠርሙስ ይዳመጣል። ትርፉ በስለታም ምላጭ የእንጨቱን ዳር ተከትሎ ይቆረጣል። በሌላ ጊዜ ሲላቀቅ ኮላው እንደ ስስ ቆዳ ተላጦ ይወጣል፣ ስፖንጁ አይቀደድም።

በክልሉ ከተሞች ብዙው ሰው የሚማረው በቀበሌ መዝናኛዎች፣ በወጣት ማዕከላትና በትምህርት ቤት ጠረጴዛዎች ነው። የመጀመሪያው ራኬትም ጎማው በፋብሪካ የተለጠፈ፣ ተዘጋጅቶ የተሸጠ ነው። እንዲህ ያለው ራኬት አብዛኛውን ጊዜ ኳስን አያሽከረክርም፤ ፊቱ ደረቅና የሚያንሸራትት ነው። ተጫዋቹ ሰርቪሱ እንዳይሠራ ያደረገው እጁ ሳይሆን ጎማው መሆኑን ሳያውቅ ዓመታት ሊያልፉ ይችላሉ፤ የሚያሳዝነውም ይኸው ነው። አንድ መካከለኛ የጎማ ሉሕ ለፎርሃንድ ብቻ መግዛት ይህን ይለውጠዋል፤ ባክሃንዱ አሮጌውን ይዞ ሊቆይ ይችላል። አዲስ አበባ የሚሄድ ሰው የስፖርት ዕቃ መደብሮችን ይጠይቃል፤ ከውጭ የሚመጣ ዘመድ ካለም ሉሕ ቀላል ዕቃ ነው፣ ሻንጣ ውስጥ ቦታ አይፈጅም።

አዲስ አበባ በጥቅምት 2017 ዓ.ም. የአፍሪካ ሻምፒዮናን አስተናግዳለች፤ የአህጉሩ ምርጦች በደጋ አየር ውስጥ ተጋጥመዋል። አፍሪካ ከዓለም ጋር የምትወዳደርበት ስፖርት መሆኑን ናይጄሪያዊው ኳድሪ አሩና እ.ኤ.አ. በ2016 ሪዮ ላይ ለኦሎምፒክ ሩብ ፍጻሜ ደርሶ አሳይቷል፤ ግብፃዊው ኦማር አሳርም በቶኪዮ ደግሞታል። በውድድር ደረጃ የሚያስብ የባሕር ዳር ልጅ ሉሕ ሲገዛ በእጀታው አጠገብ የዓለም አቀፉ ፌዴሬሽን ምልክትና ቁጥር መታተሙን ያያል፤ ያ ከሌለ ዳኛ አይቀበለውም። ቀለሙም ይታያል። እ.ኤ.አ. ከ1986 ጀምሮ አንዱ ፊት ቀይ፣ ሌላው ጥቁር ነበር፤ ተመሳሳይ ቀለም ያላቸውን የተለያዩ ጎማዎች እያገላበጡ ተጋጣሚን ማደናገር በዝቶ ስለነበር የወጣ ደንብ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2021 ወዲህ አንዱ ፊት ጥቁር ሆኖ ሌላው ሰማያዊ፣ አረንጓዴ፣ ሮዝ ወይም ወይን ጠጅም ሊሆን ይችላል።

የተገዛው ጎማ የሚሞተው በአቧራና በፀሐይ ነው። ግቢ ውስጥ ለሚጫወት ሁለቱም አይጠፉም። ከጨዋታ በኋላ ፊቱን በረጠበ ስፖንጅ ጠርጎ፣ አድርቆ፣ በስስ ፕላስቲክ ሸፍኖ ከፀሐይ ማራቅ በቂ ነው፤ ሳሙናና አልኮል ያደርቁታል። በክረምቱ ርጥበት ፊቱ ላብ ሲያወጣ በጨዋታው መሐል በደረቅ ጨርቅ ይጠረጋል፣ አለዚያ ኳሷ ተንሸራትታ መረብ ውስጥ ትገባለች። በሳምንት ጥቂት ጊዜ ለሚጫወት አንድ ሉሕ ከብዙ ወራት እስከ ዓመት ያገለግላል። መያዝ ማቆሙን ለማወቅ በጣት ጫፍ ይፈተናል፤ መሐሉ ከዳሩ ይልቅ የሚያንሸራትትና አንጸባራቂነቱ የጠፋ ከሆነ ያ ጎማ የሚቀየርበት ጊዜ ደርሷል።