በቤት ለሚታመም ሰው የሚወጣው ገንዘብ ከየት ይገኛል?

የሐኪም ቤት ሒሳብ ትልቅም ቢሆን ልኩና ቀኑ የታወቀ ነው። በሽተኛው ወደ ቤቱ ከተመለሰ በኋላ ግን የአስታማሚው ደመወዝ፥ ቁስል ለመጥረግ የምትመላለሰው ነርስ ዋጋ፥ የመድኃኒቱም ግዥ በየሳምንቱ ይቀጥላል። ነጋዴ ይህን ብዙ ጊዜ ከመሳቢያው እያነሣ ይከፍላል፤ ዕቃ የሚገዛበት ዋና ገንዘብ መጕደሉን የሚያውቀው መደርደሪያው ሲሳሳ ነው።

የሙከራ ጊዜውን የጨረሰ ተቀጣሪ ራሱ ቢታመም በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቍጥር 1156/2011 መሠረት የመጀመሪያውን ወር ሙሉ ደመወዝ፥ የሚቀጥሉትን ሁለት ወሮች ግማሽ ያገኛል፤ ባለሱቅ ግን ይህ የለውም። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድንም የሚረዳው ከተዋዋላቸው የጤና ተቋሞች ለሚገኘው ሕክምና ነው። ዕድር በአብዛኛው ለቀብርና ለሐዘን የቆመ ነው፤ አንዳንዱ ለታመመ አባል ጥቂት ስለሚሰጥ ደንቡን መመልከት ነው።

ከዚህ ሁሉ የሚሻለው ዕቁብ ነው። ዳኛው ከፈቀደና አባላቱ ከተስማሙ ለቸገረው ሰው ተራ ይለቀቅለታል፤ ወለድም አይታሰብበትም። ሆኖም ዕጣው ከተወሰደ በኋላ የሚቀረው መዋጮ ዋስ የተጠራበት ዕዳ ነውና፥ ሱቁ በየሳምንቱ ሊከፍል የሚችለውን አስቀድሞ ማስላት ይገባል።

የአስታማሚውን ደመወዝ በሱቁ ሠራተኛ ስም መመዝገብ (ይህን የሚያደርጉ አይጠፉም) አይገባም፤ የገቢ ግብር አዋጅ ቍጥር 979/2008 የግል ወጪን ተቀናሽ አያደርግም። ባለቤቱ በየወሩ ለራሱ የሚያወጣውን ወስኖ በግል ሒሳቡ ይጻፍ፤ አስታማሚውንም ከዚያው ላይ ይክፈል።