ነዳጅ ቆጣቢነት ለቅንጡ የስፖርት መኪና ባለቤት ምኑ ነው?

መግቢያ

ለአንድ መኪና መቶ ሺዎች ዩሮ የከፈለ ሰው ነዳጅ ማደያ ላይ የሚያወጣው ገንዘብ ያሳስበዋል ወይ ተብሎ ቢጠየቅ፣ የብዙዎች መልስ አጭር ነው፤ አያሳስበውም። መልሱ ከሞላ ጎደል ትክክል ነው። ነገር ግን አንድ እንቆቅልሽ ሳይፈታ ያልፋል። ላለፉት ዐሥራ አምስት ዓመታት ገደማ የእነዚህ መኪኖች ሠሪዎች የነዳጅ ፍጆታን ለመቀነስ ብዙ ደክመዋል። ላምቦርጊኒ የሞተሩን ግማሽ ለጊዜው ሥራ የሚያስፈታ ሥርዓት ገጥሟል፤ ፌራሪ ትልቁን ሞተር በአነስተኛ ባለተርቦ ሞተር ተክቷል፤ ፖርሼ ደግሞ ከቤንዚን ሞተሩ ጎን ባትሪ ጨምሯል። ገዢው ቁጠባን ካልጠየቀ ይህ ሁሉ ድካም ለማን ሲባል ነው?

ይህ ጽሑፍ ጥያቄውን በአራት ደረጃ ይመረምራል፤ እነዚህም የባለቤቱ የወጪ ስሌት፣ የመኪናው የጉዞ ርቀት፣ የሕግ ግዴታና የኃይል ፍላጎት ናቸው። የሚደርስበት መደምደሚያ ነዳጅ ቆጣቢነት ለባለቤቱ በገንዘብ ረገድ እዚህ ግባ የሚባል ክብደት እንደሌለው፣ በርቀትና በኃይል መልክ ሲቀርብለት ግን እንደሚቀበለው ነው። “ቅንጡ የስፖርት መኪና” ሲባል በአነስተኛ ቁጥር የሚመረት፣ ኃይሉ እጅግ ከፍተኛ የሆነና ዋጋው ከተራ የቤት መኪና በብዙ እጥፍ የሚበልጥ መኪና ማለት ነው። ተለይቶ ካልተገለጸ በቀር የተጠቀሱት ዓመታት እንደ ጎርጎርዮሳውያን አቆጣጠር ናቸው።

የባለቤቱ የወጪ ስሌት

ላምቦርጊኒ አቬንታዶር በ2011 ሲቀርብ ባለ 6.5 ሊትር፣ ባለ 12 ሲሊንደር ሞተርና 700 የፈረስ ጉልበት ነበረው። በ2012 መገባደጃ ላይ ኩባንያው ሁለት ለውጦች አደረገ። የመጀመሪያው መኪናው ሲቆም ሞተሩን አጥፍቶ እንደገና የሚያስነሣ ሥርዓት ነው። ሁለተኛው ደግሞ በዝግታ ጉዞ ጊዜ ከ12ቱ ሲሊንደሮች 6ቱን ሥራ የሚያስፈታ ነው። በዚህም ይፋዊው ፍጆታ በ100 ኪሎ ሜትር ከ17.2 ወደ 16.0 ሊትር ወረደ።

የዚህን ለውጥ የገንዘብ ትርጉም በምሳሌ ማስላት ይቻላል። ባለቤቱ በዓመት 3,000 ኪሎ ሜትር ይነዳል፣ የአንድ ሊትር ቤንዚን ዋጋም 1.80 ዩሮ ነው ተብሎ ይታሰብ። አዲሱ ሥርዓት በዓመት 36 ሊትር ያድንለታል፤ ይህም ወደ 65 ዩሮ ይሆናል። የዓመቱ ጠቅላላ ፍጆታ 480 ሊትር፣ ወጪውም 864 ዩሮ ነው። መኪናው የተገዛበትን ዋጋ ለሚያስታውስ ሰው ነዳጁ በነጻ ቢሰጠው እንኳ ውሳኔው የሚለወጥበት ምክንያት አይኖርም። በምጣኔ ሀብት ቋንቋ የፍላጎቱ የመለጠጥ ባሕርይ ወደ ዜሮ የተጠጋ ነው፤ የነዳጅ ዋጋ ቢጨምርም ቢቀንስም የገዢው ምርጫ አይነቃነቅም።

ከዚሁ ስሌት የሚወጣ ሌላ፣ ብዙ ጊዜ የሚዘነጋ ውጤት አለ። በ100 ኪሎ ሜትር 6 ሊትር ብቻ በምትፈጅ አነስተኛ መኪና በዓመት 15,000 ኪሎ ሜትር የሚመላለስ ሠራተኛ 900 ሊትር ያቃጥላል። ይህ ከአቬንታዶሩ ባለቤት እጥፍ ሊሞላ ጥቂት የቀረው ነው። አንድ ሊትር ቤንዚን ሲቃጠል ወደ 2.3 ኪሎ ግራም ካርቦን ዳይኦክሳይድ ስለሚያስወጣ፣ የመጀመሪያው በዓመት ወደ 2.1 ቶን፣ ሁለተኛው ወደ 1.1 ቶን ይለቃል። አባካኝ የተባለው መኪና በኪሎ ሜትር ሲለካ አባካኝ ነው፤ በዓመት ሲለካ ግን አብዛኛውን ጊዜ ቆሞ የሚውል መኪና ነው። ቆጣቢነትና ጠቅላላ ፍጆታ አንድ ነገር እንዳልሆኑ ከዚህ ይታያል።

ቶርስታይን ቬብለን በ1899 ባሳተመው ሥራው ሀብታም ሰው ወጪውን ራሱን የክብሩ ማሳያ እንደሚያደርገው አስተምሯል። በዚህ መነጽር ሲታይ የነዳጅ ብክነት ለባለቤቱ ጉዳት ሳይሆን “መቁጠር አያስፈልገኝም” የሚል መልእክት ሊመስል ይችላል። ሆኖም ይህ ትንታኔ ድንበር አለው። የሞተሩ ድምፅና የመኪናው ቅርጽ ለመንገደኛ ሁሉ ይደርሳሉ፤ የነዳጅ ደረሰኙን ግን ከባለቤቱ በቀር የሚያየው የለም። ታይታው ያለው በመኪናው ላይ እንጂ በፍጆታው ላይ አይደለም። ስለዚህ ባለቤቱ ብክነትን ይወዳል ከማለት ይልቅ ብክነትን አይቆጥርም ማለቱ ለእውነቱ ይቀርባል።

ገንዘብ ሳይሆን ርቀት

ባለቤቱ ገንዘቡን ባይቆጥርም ጊዜውን ይቆጥራል። በ2005 ወደ ገበያ የወጣው ቡጋቲ ቬይሮን 8.0 ሊትር፣ 16 ሲሊንደርና 1,001 የፈረስ ጉልበት ያለው ሲሆን፣ የነዳጅ ታንኩ 100 ሊትር ይይዛል። ይፋዊ ፍጆታው በ100 ኪሎ ሜትር 24.1 ሊትር ነው፤ በዚህ መጠን ታንኩ 415 ኪሎ ሜትር ያህል ያስኬዳል። በከፍተኛው ፍጥነቱ ሲነዳ ግን ያ ሁሉ ነዳጅ በ12 ደቂቃ ገደማ እንደሚያልቅ ይነገራል። በሰዓት 400 ኪሎ ሜትር የሚበር መኪና በ12 ደቂቃ 80 ኪሎ ሜትር ይጓዛል። ስለዚህ ፍጆታው በ100 ኪሎ ሜትር ወደ 125 ሊትር ያሻቅባል ማለት ነው።

ምክንያቱ የፊዚክስ ነው። አየር መኪናውን ወደ ኋላ የሚገፋበት ኃይል በፍጥነቱ ካሬ ልክ ያድጋል፤ ያንን ለማሸነፍ ከሞተሩ የሚፈለገው ጉልበት ደግሞ በፍጥነቱ ኪዩብ ልክ ያድጋል። ፍጥነቱ ከ100 ወደ 400 ኪሎ ሜትር ሲያድግ ለአየሩ ብቻ የሚያስፈልገው ጉልበት 64 እጥፍ፣ በእያንዳንዱ ኪሎ ሜትር የሚባክነው ኢነርጂ ደግሞ 16 እጥፍ ይሆናል። እንዲህ ላለው መኪና ነዳጅ የዋጋ ጉዳይ መሆኑ ይቀርና የአቅም ወሰን ይሆናል። ታንኩን ማተለቅም መፍትሔ አይሆንም፤ ትልቅ ታንክ ክብደትን ይጨምራል፤ ክብደት ደግሞ የስፖርት መኪና ዋና ጠላት ነው።

የፌራሪ ተሞክሮ ነገሩን ይበልጥ ያብራራል። 458 ኢታሊያ የተባለው ሞዴል 4.5 ሊትር ሞተርና 570 የፈረስ ጉልበት ነበረው፤ ይፋዊ ፍጆታው 13.3 ሊትር፣ ታንኩም 86 ሊትር ነበር። በ2015 የተካው 488 ጂቲቢ ሞተሩን ወደ 3.9 ሊትር አሳንሶ ተርቦ ጨመረ። ጉልበቱ ወደ 670 ሲያድግ ፍጆታው ወደ 11.4 ሊትር፣ ታንኩም ወደ 78 ሊትር ወረደ። ሲሰላ የመጀመሪያው በአንድ ታንክ ወደ 647፣ ሁለተኛው ወደ 684 ኪሎ ሜትር ይሄዳል። አዲሱ መኪና 8 ሊትር ያነሰ ነዳጅ ተሸክሞ፣ 100 የፈረስ ጉልበት ጨምሮ፣ ከቀድሞው ርቆ ይጓዛል። ባለቤቱ ይህን “ቁጠባ” ብሎ ባይጠራውም ጥቅሙን በመንገድ ላይ ያገኘዋል።

ከሕግ የመጣ ቁጠባ

ቁጠባውን ወደ መኪናው በዋናነት ያስገባው ግን ሕግ ነው፤ ሕጉም የሚያነጋግረው ባለቤቱን ሳይሆን ሠሪውን ነው። አሜሪካ በ1978 ባወጣችው የኢነርጂ ታክስ ሕግ፣ በአንድ ጋሎን ከ22.5 ማይል በታች በሚጓዙ አዳዲስ የቤት መኪኖች ላይ ልዩ ታክስ ጣለች። ይህ በ100 ኪሎ ሜትር ከ10.5 ሊትር ገደማ በላይ መፍጀት ማለት ነው። ታክሱ ከ1,000 ዶላር ተነሥቶ እስከ 7,700 ዶላር ይደርሳል። ከ1991 ወዲህ መጠኑ ስላልተሻሻለ የዋጋ ንረት አቅሙን ሸርሽሮታል። 400,000 ዶላር ለሚያወጣ መኪና ከፍተኛው ታክስ ከዋጋው 2 በመቶ እንኳ አይሞላም። በተጨማሪም ሕጉ ሲወጣ ለግል መጓጓዣነት እምብዛም የማይታወቁት ኤስዩቪ የሚባሉት ከፍ ያሉ መኪኖች ከታክሱ ውጭ ናቸው።

የአውሮፓ ኅብረት የተከተለው መንገድ የተለየ ነው። በ2009 የወጣው ደንብ የሚለካው አንድን መኪና ብቻውን ሳይሆን ሠሪው በዓመት የሚያስመዘግባቸውን አዳዲስ መኪኖች አማካይ ልቀት ነው። ለ2015 የተቀመጠው የኅብረቱ ግብ በኪሎ ሜትር 130 ግራም ነበር። ከ2019 ጀምሮ ከግቡ ያለፈ ሠሪ ለእያንዳንዱ ግራም፣ በእያንዳንዱ መኪና 95 ዩሮ እንዲከፍል ተደነገገ። በዓመት ከ10,000 ያነሱ መኪኖችን የሚያስመዘግቡ ነጻ ሠሪዎች ግን የራሳቸው ልዩ ግብ እንዲወሰንላቸው ማመልከት ይችላሉ። በ2023 የጸደቀው ማሻሻያም ይህን ዕድል እስከ 2035 መጨረሻ ስላቆየ፣ የዜና ሰዎች “የፌራሪ ማሻሻያ” የሚል ስም አወጡለት።

በአማካይ መለካት ያስከተለውን ነገር የአስተን ማርቲን ሲግኔት ታሪክ ያሳያል። ኩባንያው በ2011 የቶዮታ አይኪው የተባለችውን ትንሽ የከተማ መኪና በቆዳና በራሱ አርማ አስጊጦ፣ ባለ 1.3 ሊትር ሞተሯን እንደያዘች ለገበያ አቀረበ። ትንሿ መኪና የኩባንያውን አማካይ ልቀት ዝቅ ታደርጋለች ተብላ ታስባ ነበር። ገዢ ግን በበቂ አልመጣም፤ ምርቷም በ2013 ቆመ። የአስተን ማርቲን ደንበኛ ኩባንያው ለሕግ ሲል ያቀረበለትን ቁጠባ፣ ቁጠባ ሆኖ ሲመጣ አልገዛውም።

ቁጠባ በኃይል ስም

በሌላ መልክ ሲመጣ ግን ገዝቶታል። ከ2013 ጀምሮ የቀረቡት ላፌራሪ፣ ማክላረን ፒ1 እና ፖርሼ 918 ስፓይደር የቤንዚን ሞተርን ከኤሌክትሪክ ሞተር ጋር ያጣመሩ ሃይብሪድ መኪኖች ናቸው። 918ቱ 887 የፈረስ ጉልበት ኖሮት በአውሮፓ የላቦራቶሪ ፈተና በ100 ኪሎ ሜትር 3.1 ሊትር ብቻ እንደሚፈጅ ተመዘገበ። ይህ ቁጥር በጥንቃቄ መነበብ አለበት፤ ፈተናው ባትሪው ሞልቶ የሚጓዘውን ርቀት ስለሚቆጥር ውጤቱን በጣም ያሳንሰዋል። የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ድርጅት በቤንዚን ብቻ ሲሄድ የሰጠው ቁጥር በጋሎን 22 ማይል፣ ማለትም 10.7 ሊትር ገደማ ነው። ያም ሆኖ ይህን ያህል ጉልበት ላለው መኪና አነስተኛ ነው። ፖርሼ ሊሠራ ያቀዳቸውን 918 መኪኖች በሙሉ ሸጧል።

ከእሽቅድምድሙም ዓለም ተመሳሳይ ትምህርት ይገኛል። ፎርሙላ 1 በ2014 አንድ መኪና በውድድሩ የሚጠቀመውን ነዳጅ በ100 ኪሎ ግራም ሲወስን፣ ከእያንዳንዱ ጠብታ ብዙ ጉልበት ያወጣ ቡድን ቀዳሚ ሆነ። መርሴዲስ በ2017 የውድድር ሞተሩ በሙከራ ክፍል ከነዳጁ ኢነርጂ ከ50 በመቶ በላይ የሚሆነውን ወደ ሥራ እንደለወጠ አስታወቀ። በዚህ መድረክ ቆጣቢነትና ፍጥነት ባላንጣነታቸው ቀርቶ አንድ ሆኑ።

ቁጠባ ብቻውን ግን ደንበኛን እንደማይስብ የቅርብ ጊዜ ማስረጃ አለ። ሪማክ ኔቬራ የተባለው የክሮኤሽያ መኪና ሙሉ በሙሉ ኤሌክትሪክ ሲሆን 1,914 የፈረስ ጉልበት አለው፤ ቤንዚን ጨርሶ አያቃጥልም። ሆኖም የኩባንያው መሥራች ማቴ ሪማክ በ2024 ሲናገሩ፣ ከታቀዱት 150 መኪኖች ገና ብዙ እንደሚቀርና የዚህ ገበያ ገዢዎች ወደ ቤንዚን ሞተር እንዳዘነበሉ ገልጸዋል። በዚያው ዓመት በእርሳቸው የሚመራው ቡጋቲ ሪማክ 8.3 ሊትርና 16 ሲሊንደር ያለውን ቱርቢዮን፣ ከኤሌክትሪክ ሞተሮች ጋር አጣምሮ 1,800 የፈረስ ጉልበት ሰጥቶ አስተዋወቀ። ባትሪው እዚህም አለ፤ ነገር ግን የገባው ሞተሩን ለማገዝ እንጂ ለመተካት አይደለም። ገዢው ኤሌክትሪኩን የሚቀበለው ድምፁንና የሞተሩን ጥበብ እስካልነጠቀው ድረስ ነው።

የፖሊሲ አንድምታ

ከዚህ ሁሉ የሚወጣው ትምህርት ከጥቂት ውድ መኪኖች ያለፈ ነው። የነዳጅ ዋጋን ወይም ቋሚ ታክስን በመጨመር ባሕርይን መለወጥ የሚቻለው ተከፋዩ ጭማሪውን ሲሰማው ነው። ጭማሪው በዝቅተኛ ገቢ ሠራተኛ ላይ ከባድ፣ በሀብታሙ ላይ ከምንም የማይቆጠር ከሆነ፣ ቁጠባውን የሚሸከሙት ለመቆጠብ አቅሙ የሌላቸው ይሆናሉ። የልዩ ግብ ተጠቃሚ የሆኑ ሠሪዎች የሚያመርቱት ጥቂት በመሆኑ ከጠቅላላ ልቀት ያላቸው ድርሻ አነስተኛ ነው፤ ፌራሪ በ2024 በመላው ዓለም ያስረከበው 13,752 መኪና ብቻ ነው። በሒሳብ ረገድ ልዩ አስተያየቱ የሚያደርሰው ጉዳት ትንሽ ነው። በፍትሕ ረገድ ግን ሌላው ሁሉ ይቆጥብ ሲባል ባለጸጋው የሚያልፍበት በር መተዉ ሕጉ በሕዝብ ዘንድ ያለውን ተቀባይነት ሊጎዳ ይችላል።

የታክሱ ቅርጽም ለውጥ ያመጣል። የአሜሪካው ታክስ በቋሚ የገንዘብ መጠን ስለሚጣል የመኪናው ዋጋ ሲያድግ ክብደቱ እየቀለለ ይሄዳል። በአንጻሩ የኢትዮጵያ የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186/2012 የመኪናን ታክስ በሞተር መጠንና በአገልግሎት ዘመን ለይቶ በመቶኛ ስለሚያሰላ፣ ታክሱ ከዋጋው ጋር አብሮ ያድጋል። አገሪቱ በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ስትወስን ደግሞ ከዋጋ ምልክት ወደ ዓይነት ገደብ ተሻግራለች። የዚህ ውሳኔ ሌሎች ገጽታዎች ለብቻቸው ጥናት የሚሹ ናቸው። ከዚህ ርእስ ጋር የሚያገናኘው ነጥብ ግን ግልጽ ነው፤ ገደብ የገዢውን ኪስ አይቶ አይለዋወጥም።

ማጠቃለያ

የቅንጡ የስፖርት መኪና ባለቤት የነዳጅ ወጪውን አይቆጥርም፤ የሚያድናቸው ስድሳ አምስት ዩሮዎችም ሐሳቡን አይለውጡም። ሆኖም ቆጣቢነት መኪናው ውስጥ አለ። ያስገቡት በአማካይ ልቀት የሚጠየቁ ሠሪዎችና ከትንሽ ነዳጅ ብዙ ጉልበት ማውጣትን የተማሩ መሐንዲሶች ናቸው። ባለቤቱ ሲግኔትን ትቶ 918ን የመረጠው ቁጠባን ስለጠላ ወይም ስለወደደ ሳይሆን፣ ሁለተኛው ቁጠባውን በጉልበት ስለከፈለው ነው። ስለዚህ የዚህን ገበያ ፍጆታ ለመቀነስ የሚሻ ሕግ አውጪ ማደያው ላይ ቆሞ ባለቤቱን ከመጠበቅ ይልቅ ፋብሪካው በር ላይ ሠሪውን ቢያነጋግር ከግቡ የመድረስ ዕድሉ የተሻለ ነው።